አንድ ዳፍ ስንት ጊዜ ሲከለስ ይያዛል? ስለ ሐዛራ የተነሣ ክር

ክሩን፣ ማለትም የኢንተርኔት ውይይቱን፣ የከፈተው ሰው ጥያቄውን ያስገባው በሒሳብ ነው። የአይሁድ የሕግና የክርክር መጽሐፍ የሆነው የባቢሎን ታልሙድ 2711 ዳፍ ነው፤ ዳፍ ማለት ፊትና ጀርባ ያለው አንድ ቅጠል ሲሆን እያንዳንዱ ፊት ዓሙድ ይባላል። ሐጊጋ በተባለው ክፍል 9ለ ላይ (ሀ የዳፉ ፊት፣ ለ ጀርባው ነው) ምዕራፉን 100 ጊዜ የደገመና 101 ጊዜ የደገመ እኩል አይደሉም ተብሏል። ይህን ቃል በቃል ወስዶ ታልሙዱን በሙሉ 101 ጊዜ ልዝለቀው ያለ ሰው 273811 የዳፍ ንባብ ይጠብቀዋል፤ በቀን 10 ዳፍ ያለ ማቋረጥ ቢወጣ እንኳ 75 ዓመት ይፈጅበታል። ታዲያ ቁጥሩ የምር ነው ወይስ የአነጋገር? የምር ካልሆነ፣ ቀኑን ሥራ ለሚውልና ጠዋት አንድ ሰዓት ብቻ ገማራ (የታልሙዱ የክርክር ክፍል) ፊት ለሚቀመጥ ሰው የሐዛራው፣ ማለትም የክለሳው፣ ልክ ስንት ነው? እዚህ ላይ ቢያቆም ክሩ በአምስት ምላሽ ባለቀ ነበር። እሱ ግን ጨመረበት፤ ዳፍ ዮሚ እያሉ በቀን አንድ ዳፍ የሚከተሉ ሰዎች አንድ ማሴኼት (የታልሙድ ክፍል) ሲጨርሱ የሚቀራቸው የማሴኼቱ ስምና የስዩሙ፣ ማለትም የማጠናቀቂያው፣ ድግስ ነው አለ። ጠቡን የጠራው ይህ ነው።

ምላሽ 1 አንቱታውን ሳይለቅ ጥቅሱን ወደ ቦታው መለሰ። ባር ሄ ሄ ሊቁን ሂሌልን የጠየቀው ስለ ሚልክያስ 3፥18 ነው፤ ጻድቅና ኃጥእ ከተባለ በኋላ እግዚአብሔርን የሚያገለግልና የማያገለግል ብሎ መድገም ለምን አስፈለገ? ሂሌል ሁለቱም ፍጹም ጻድቃን ናቸው፣ ልዩነታቸው የ100 እና የ101 ነው ብሎ መለሰ። ስለ አንዲት ጊዜ ብቻ? ቢለው፣ ሂድና ከአህያ ነጂዎች ገበያ ተማር አለው፤ 10 ፋርሳ መንገድ በአንድ ዙዝ ገንዘብ፣ 11 ፋርሳ በሁለት ዙዝ። መላሹ እንደሚለው ሂሌል የክለሳ መርሐ ግብር እያወጣ አልነበረም። የተለመደው ጉዞ 10 ፋርሳ ነው፤ ከልማድ የወጣችው አንዷ ፋርሳ ብቻዋን የዐሥሩን ዋጋ ታስከፍላለች። ታንያ የተባለው የሐሲዲም መጽሐፍም በ15ኛው ምዕራፉ በዚህ መንገድ ይሄዳል፦ በዚያ ዘመን 100 ጊዜ መድገም የተማሪ ልማድ ስለነበር ከልማዱ ያለፈችው ናት የምትቆጠረው። ስለዚህ ልኩን የሚፈልግ ሰው ሐጊጋን ትቶ ዔሩቪን 54ለን ይክፈት አለ።

ምላሽ 2 ከፈተው። እዚያ ላይ ሙሴ ትምህርቱን ከተቀበለ በኋላ እንዴት እንዳስተላለፈው በቅደም ተከተል ተጽፏል። መጀመሪያ አሮን ብቻውን ገብቶ ሰማ፤ ከዚያ ልጆቹ፣ ከዚያ ሽማግሎች፣ በመጨረሻ ሕዝቡ እየገቡ ሙሴ ለእያንዳንዱ ደገመ። እስከዚህ አሮን 4፣ ልጆቹ 3፣ ሽማግሎቹ 2፣ ሕዝቡ 1 ጊዜ ሰምተዋል። ከዚያ ሙሴ ወጣና አሮን ደገመ፤ አሮን ወጣና ልጆቹ ደገሙ፤ እነሱም ወጡና ሽማግሎቹ ደገሙ። አሁን ሁሉም እኩል 4 ጊዜ ሰምቷል። ራቢ ኤሊዔዘር ከዚህ ተነሥቶ መምህር ለተማሪው 4 ጊዜ ይደግምለት ይላል። ራቢ ዓቂቫ ግን ቁጥሩን ወደ ጎን አድርጎ፣ እስኪያውቀውና በአፉ እስኪደረደር ድረስ ነው ይላል። መላሹ አንድ ነገር አስተውሏል፦ ሕዝቡ አራቱን ጊዜ የሰማው ከአራት የተለያዩ አፎች ነው። አሮንና ልጆቹ ደግሞ ከመስማት አልፈው ራሳቸው አስተምረዋል። አራት ጊዜ ማለት አንዱን ገጽ አራት ጊዜ በዓይን ማሰስ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ምላሽ 3 ከጥቅስ ወጥቶ ወደ ሰዓት ገባ። ሙሉ ዳፍ ትቶ በቀን አንድ ዓሙድ ይያዝ ይላል፤ ከእሑድ እስከ ሐሙስ 5 አዲስ ዓሙድ። አዲሱ ከነራሺ ማብራሪያ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ይወስዳል። የመጀመሪያው ክለሳ ያንኑ ማታ ከመኝታ በፊት 10 ደቂቃ ነው። ሁለተኛው በማግስቱ ጠዋት፣ አዲሱ ከመከፈቱ በፊት፤ ይህን ከአዲሱ በኋላ አደርገዋለሁ ያለ ሰው እንደማያደርገው መላሹ አስምሮበታል። ሦስተኛው ዓርብ ነው፤ አዲስ ነገር የለም፣ አምስቱም ዓሙዶች በ40 ደቂቃ ገደማ ይታለፋሉ። አራተኛው በየአራተኛው ሳምንት ነው፤ ያ ሳምንት ሙሉ በሙሉ የክለሳ ይሆንና የሦስቱ ሳምንት 15 ዓሙድ በቀን 3 በ3 ይከለሳል። አምስተኛው ከስዩሙ በፊት ማሴኼቱን ከዳር እስከ ዳር።

የሚበላሸው የት እንደሆነም ነግሯል፤ ከመርሐ ግብሩ ይልቅ የሚጠቅመውም ይኸኛው ክፍል ነው። አንደኛው ውዝፍ ነው። ሁለት ቀን ያመለጠው ሰው በሦስተኛው ቀን ሦስቱን አንድ ላይ ልውጣ ይላል፤ አይወጣም፤ አዲሱ ይጣፍጣል፣ ክለሳው ግን እንደ ዕዳ ይታየዋል፣ ስለዚህ ክለሳውን አሳድሮ በአዲሱ ይገፋል፤ በወሩ ማሴኼቱ ከእጁ ይወጣል። መድኃኒቱ ውዝፉ እስኪጠራ አዲሱን ማቆም ነው፤ ቢበዛ አንድ ሳምንት። ሁለተኛው ጥፋት ሁልጊዜ ከምዕራፉ መጀመሪያ መነሣት ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው 2ኛውን ዳፍ እንደ ስሙ ያውቀዋል፣ 20ኛው ሲደርስ ግን ደክሞታል፣ ሰዓቱም አልቋል። የወሩ ክለሳ ከኋላ ይጀመር።

ምላሽ 4 አንድ መስመር ነበር፤ ለጀማሪ የትኛው ማሴኼት ይሻላል የሚል።

ምላሽ 5 ማኮትን መረጠ። ከ2ሀ እስከ 24ለ 46 ዓሙድ ነው፣ ሦስት ምዕራፍ ብቻ፣ በምላሽ 3 አካሄድ ከ12 ሳምንት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሆራዮት 14ኛው ዳፍ ላይ ስለሚያልቅ ያጥራል፣ ግን የጉዳዮቹ ክር ለጀማሪ አይጨበጥም ብሎ ጣለው። አንዳንዶች ልጆች ከሚጀምሩበት ከባቫ ሜጺያ ሁለተኛ ምዕራፍ መነሣትን ይመክራሉ፤ መላሹ ይህን አልተቃወመም፣ ሙሉ ማሴኼት መጨረስ ግን ለክለሳው ራሱ ጉልበት ይሰጣል ባይ ነው። ማሴኼት ሲያልቅ የሚባለው ሃድራን የተሰኘው ጸሎት ወደ አንቺ እንመለሳለን ይላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ያለፈ ሰው ግን ምን ይዞ ይመለሳል?

ምላሽ 6 ከክሩ ሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ብዙዎች ዘለውት አለፉ እንጂ። ገጹን ከፍቶ እንደገና ማንበብ ክለሳ አይደለም ይላል። የቪልናው እትም ገጽ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ራሺ በስፌቱ በኩል፣ ቶሳፎት የተባለው ሌላው ማብራሪያ በዳር በኩል፣ ገማራው መሐል። ዓይን ይህን መልክ ሲያይ ልብ ዐውቀዋለሁ ይላል። የታወቀው ገጹ ነው፤ ነገሩ አልተያዘም። ስለዚህ ገማራው ተዘግቶ፣ በአፍ፣ ከራስ እየተወጣ መሆን አለበት። ማኮት 2ሀን ለናሙና እንዲህ ተነተነ።

አንድ፣ ጉዳዩ፦ ምስክሮች እገሌ የተባለው ካህን ከፈት ሴት የተወለደ ነው ብለው ከክህነት ሊያስወጡት መሰከሩ፤ ሌሎች መጥተው በዚያን ቀን እናንተ ከእኛ ጋር ነበራችሁ ብለው አጋለጧቸው። ፍርዱ ምስክሩ በፈንታው የፈት ልጅ ይባል የሚል አይደለም፤ 40 ግርፋት ይገረፋል። ሁለት፣ ጥያቄው፦ ሚሽናው (ገማራው የሚያብራራው የሕግ ቃል) ምስክሮች እንዴት ዞመሚም፣ ማለትም በሐሰት ተጋልጠው ያሰቡት በራሳቸው የሚደርስባቸው፣ ይሆናሉ ብሎ ጀምሮ የሰጠው ምሳሌ ያሰቡት የማይደርስባቸውን ነው፤ እንዴት አይሆኑም ማለት አልነበረበትም? ሦስት፣ መልሱ፦ የሚሽናው ባለቤት ከቀዳሚው ማሴኼት ከሳንሄድሪን መጨረሻ እየቀጠለ ነው። አራት፣ ምንጩ፦ ዘዳግም 19፥19 ያሰበውን በእሱ ላይ አድርጉበት ይላል፤ በእሱ እንጂ በዘሩ አይደለም፣ የፈት ልጅ ቢባል ግን ዘሩም አብሮ ይወድቃል። አምስት፣ ታዲያ ዘሩን ትቶ እሱን ብቻ መሻር አይቻልም? አይቻልም፤ ያሰበው ዘሩንም ጨምሮ ነበርና እንዳሰበው የሚለው አይሟላም። ስድስት፣ ባር ፓዳ ሌላ መንገድ አመጣ፦ ፈት ያገባው ካህን ልጁን ከክህነት እያስወጣ እሱ ራሱ ካልወጣ፣ ሊያስወጣ አስቦ ያልተሳካለት ምስክርማ እንዴት ይወጣል? ራቪና አፈረሰው፤ በዚህ ስሌት ከሄድን የዞመሚም ሕግ በሙሉ ይሻራል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ይሻላል።

ሰው የሚሰናከለው አምስትና ስድስት ላይ ነው። ጥቅሱን ሁሉም ያስታውሳል፤ ባር ፓዳ ለምን እንደወደቀ ግን በሦስተኛው ቀን ይጠፋል። ያኔ ገጹን ከፍቶ የጎደለችውን መስመር ብቻ አይቶ፣ ዘግቶ፣ እንደገና ከአንድ መጀመር ነው። በገጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የሚጻፈው ማስታወሻም ከአራት ቃል አይበልጥ፤ ከበለጠ ዓይን እሱን እያነበበ ልብ ይቦዝናል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በእርስዎ ይነጋገር ነበር። ምላሽ 7 በአንተ ገባ። የዳፍ ዮሚ ሰው ነው፣ የስዩሙ ድግስ የሚለው ነገር አንጀቱን አቃጥሎታል። ራቢ ሜይር ሻፒሮ ሐሳቡን በ1923 በቪየና ጉባኤ ያቀረበው ለሊቃውንት ፈተና አይደለም ይላል፤ ከአገር ወደ አገር በመርከብ የሚሄድ አይሁዳዊ በያለበት ያንኑ ዳፍ የሚማር ሰው እንዲያገኝ ነው። በዚያው ዓመት በሮሽ ሃሻና፣ በአይሁድ አዲስ ዓመት፣ ተጀመረ፤ አሁን ያለው 14ኛው ዙር በ5 ጃንዋሪ 2020 ተጀምሮ በጁን 2027 ያልቃል፤ አንዱ ዙር 7 ዓመት ከ5 ወር ገደማ ነው። ይህ ባይኖር ዜቫሒምና ሜናሖት የተባሉትን ማሴኼቶች በዕድሜው አንድ ጊዜ የማይከፍት ስንቱ ነው? 101 ጊዜ ካልሆነ አልጀምርም ማለት ያለመማር ሰበብ ነው ብሎ ጠያቂውን ልክ ልኩን ነገረው። ታሪኩ ልክ ነው፤ ጥያቄውን ግን አልመለሰም።

ምላሽ 8 ይህንኑ በለዘበ ቋንቋ ነገረውና ለዳፍ ዮሚ ሰው የሚሆን መንገድ አሳየ። በቀን አንድ ዳፍ የሚሄድ ሰው ሁሉንም መከለስ አይችልም፤ ሚሽናዎቹን ግን ይችላል። ሚሽናው የገማራው አጽም ስለሆነ ትናንት ያለፈውን ሚሽና ዛሬ በመንገድ ላይ በቃል መድገም አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በአፍ ግን፣ በድምፅ። ዔሩቪን 53ለ ላይ ብሩርያ የተባለችው ሊቅ ሴት በሹክሹክታ የሚያጠና ተማሪ አግኝታ በእግሯ መታችው፤ በ248ቱ የአካል ክፍሎች ሁሉ የተደረደረ ይጠበቃል፣ ያለዚያ አይጠበቅም አለችው። በዚያው ቦታ የራቢ ኤሊዔዘር ተማሪ በሹክሹክታ እያጠና በሦስት ዓመቱ ትምህርቱን ረሳው ይላል። ራምባምም (ማይሞኒደስ) በትምህርተ ቶራ ሕግ 3፥12 ይህን ሃላኻ፣ ማለትም ሕግ፣ አድርጎ ጽፎታል፤ ድምፁን የሚያሰማ በእጁ ይጸናል፣ በሹክሹክታ የሚያነብ ቶሎ ይረሳል። ዜማም አለው ይላል መላሹ፤ ሜጊላ 32ሀ ያለ ዜማ የሚደግመውን ይነቅፋል። የጥያቄው ዜማ ወደ ላይ፣ የመልሱ ወደ ታች ይሄዳል፤ ይህን የለመደ ሰው ቃሉ ቢጠፋው እንኳ ጥያቄ ላይ ይሁን መልስ ላይ አይጠፋውም።

ምላሽ 9 አንኪ የሚባለውን የስልክ ፕሮግራም አመጣ። በዓሙድ ከ4 እስከ 6 ካርድ፣ አንድ ካርድ አንድ ጥያቄ። ማኮት 2ሀ ምን ይላል የሚል ካርድ መጥፎ ነው፣ መልሱ ገጹ በሙሉ ስለሆነ፤ ራቪና ባር ፓዳን በምን አፈረሰው የሚለው ግን ይሠራል። በዓሙድ 6 እንኳ ቢሆን ማኮት ብቻውን 276 ካርድ ነው፤ ከዚያ ከበለጠ ካርዱን መመለስ ገማራውን ከመማር ይከብዳል።

ምላሽ 10 ሁለት ነገር አረመ። የመርሳትን ነገር በቁጥር የለካው ኤቢንግሃውስ በ1885 ያወጣው ውጤት ትርጉም በሌላቸው የቃል ቁርጥራጮች ላይ የተሠራ ነው፤ ጥያቄና መልሱ እርስ በርሱ የተያያዘ ሱግያ (የገማራ ክርክር) በዚያ ፍጥነት አይረሳም፣ ስለዚህ የፕሮግራሙን ቀናት እንደ ሕግ መያዝ አያስፈልግም። ሁለተኛው የሰንበት ነገር ነው። በሰንበትና በበዓል ስልክ አይነካም፤ በዓል ከሰንበት ጋር ሲገጥም ሦስት ቀን ይከማችና ማታ ስልኩ ሲከፈት የካርድ ናዳ ይወርዳል። ብዙ ሰው የሚተወው እዚያ ላይ ነው። ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት አዲስ ካርድ መጨመር ይቁም አለ። ምልክት የማበጀቱ ጥበብ ግን አዲስ አይደለም፤ ዔሩቪን 53ሀ የይሁዳ ሰዎች ምልክት ስለሚያበጁ ትምህርታቸው ጸናላቸው፣ የገሊላ ሰዎች ስላላበጁ አልጸናላቸውም ይላል፤ ገማራው ውስጥም ሲማን ተብለው የተደረደሩ የምልክት ቃላት እስከ ዛሬ አሉ። አንባቢ ሁሉ እየዘለላቸው ያልፋል እንጂ የተቀመጡት ለዚሁ ነው።

ምላሽ 11 ክሩን ወደ ማዕድ ቤት ወሰደው። ሆራዮት 13ለ ወይራ ፍሬ የ70 ዓመት ትምህርት ያስረሳል፣ የወይራ ዘይት ግን የ70 ዓመት ትምህርት ይመልሳል ይላል፤ ታዲያ ክለሳው ለምን አስፈለገ? ቀልድ ነበር፤ አንዳንዶች ግን የምር ይዘውት የኑግ ዘይት ይሠራ እንደሆነ እስከ መጠየቅ ደረሱ። በዚያው ምላሽ ላይ የራቢ ዜይራ ነገርም ተነሣ፤ ባቫ ሜጺያ 85ሀ እንደሚለው ወደ እስራኤል ምድር ሲወጣ የባቢሎኑን የትምህርት ስልት እንዲረሳ 100 ጾም ጾመ። ሰው ለማስታወስ ሲደክም እሱ ለመርሳት ጾመ ማለት ነው። እስኪያውከው ድረስ ይዞት ነበር እንግዲህ።

ምላሽ 12 በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አብነት ትምህርት የሚያውቀውን አመጣ። ተማሪ ቀን ከመምህሩ የተቀበለውን ሌሊት በቅጸላ ያጠናዋል፤ መብራት የለም፣ መጽሐፍ አይገለጥም፣ በቃሉ ይወጣዋል፤ ጠዋት ሳይይዘው ከሄደ አዲስ አይቀጠልለትም። አዲሱ ከክለሳው በኋላ ይሁን የሚለው የምላሽ 3 ምክር በአብነት ቤት ያለ ሕግ ነው ሲል በትሕትና አስቀመጠው።

ምላሽ 13 ትሕትናውን በቁጣ መለሰ። ገማራ ዳዊት አይደለም ይላል፤ ክርክር ነው፣ በቃል ይዞ መድገም በቀቀን ያደርጋል። ሶጣ 22ሀን ጠቀሰ፦ ጠንቋዩ ያነበንባል፣ የሚለውን አያውቅም፤ ታናው (በቃል ደጋሚው) ይደግማል፣ የሚለውን አያውቅም። ጥቅሱ ትክክለኛ ነው። ለምላሽ 12 የሰጠው ቦታ ግን ስድብ ነበር፣ ያውም ላልተባለ ነገር፤ ቅጸላም ትርጓሜና ቅኔ ያለበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው የሚካሄደው።

ምላሽ 14 መልሱን ከዚያው ከታልሙድ አወጣለት። እነዚያ ታና የተባሉ ደጋሚዎች ባይኖሩ ክርክሩ ራሱ የሚቆምበት መሬት አልነበረውም፤ የገማራው ሊቃውንት በሆኑት በአሞራውያን ዘመን ሚሽናና ባራይታ (ከሚሽናው ውጭ የቀረው ትምህርት) በሰው ልብ ነበርና የሚኖረው፣ ሊቁ ቢጠራጠር ታናውን ጠርቶ ያስደግመዋል። ሆራዮት 14ሀ ላይ ሲናይ የተባለው፣ ማለትም ሁሉን ይዞ የተቀመጠው፣ እና ተራራ ነቃዩ፣ ማለትም በክርክር የተሳለው፣ ማን ይቅደም ተብሎ ተጠይቋል። ከእስራኤል ምድር የመጣው መልስ ሲናይ ይቅደም የሚል ነበር፤ ሁሉም የስንዴው ባለቤት ያስፈልገዋልና። ሲናይ የተባለው ራቭ ዮሴፍ ነው፤ ተራራ ነቃዩ ራባ። ምላሽ 13 ከዚህ በኋላ አልተመለሰም።

ምላሽ 15 የአወያዩ ነው፤ ስድቡ ይቁም፣ ወይራውም ይበቃል።

ምላሽ 16 ደግሞ ሌላ እሳት ይዞ መጣ። የሚሽናው ክፍል አቮት 3፥8 ከትምህርቱ አንዲት ነገር የረሳ ሕይወቱን እንዳጠፋ ይቆጠራል ይላል፤ ሳንሄድሪን 99ሀ ተምሮ የማይከልሰውን ዘርቶ እንደማያጭድ ሰው ያደርገዋል። ሻባት 147ለ ላይ ራቢ ኤልዓዛር ቤን ዓራኽ ወደ መልካም ወይንና ውሃ አገር ሄዶ ተመቸው፣ ትምህርቱም ጠፋው፤ ተመልሶ ዘጸአት 12፥2ን ሊያነብ ቢነሣ ይህ ወር ለእናንተ የሚለውን ልባቸው ደንቆሮ ነበረ ብሎ አነበበው። በዕብራይስጡ ልዩነቱ ጥቂት ተመሳሳይ ፊደላት ናቸው። እንዲህ ያለ ሊቅ ከጠፋው ዳፍ ዮሚ እየሮጠ የሚያልፍ ሰው ምን ተስፋ አለው ብሎ ደመደመ።

ምላሽ 17 ጥቅሱን እስከ ጫፉ እንዲያነብ ጋበዘው። አቮት እዚያው ላይ ትምህርቱ ከብዶበት ከሆነስ ብሎ ይጠይቃል፤ ኃጢአቱ የሚያገኘው ተቀምጦ ከልቡ ያስወጣውን ነው። ከዚያ ምላሽ 14 ወደ ጠራው ሰው ተመለሰ። ያ ሲናይ የተባለው ራቭ ዮሴፍ ታመመና ትምህርቱ ጠፋው፤ ኔዳሪም 41ሀ ላይ ተማሪው አባዬ ትምህርቱን እንደ መለሰለት ተጽፏል። ራቭ ዮሴፍ ይህን ሕግ አልሰማሁም ሲል አባዬ አንተው ራስህ ነህ የነገርከን፣ በዚህ ነገር ላይ ነበር የነገርከን ይለዋል። ሜናሖት 99ሀ ላይ የተሰበሩት ጽላትም ከሙሉዎቹ ጋር በታቦቱ ውስጥ ነበሩ፣ ስለዚህ ሳይወድ ትምህርቱን የረሳ ሊቅ አይናቅ ብሎ ያስተማረው እሱ ራሱ ነው። መላሹ ከዚህ ያወጣው ምክር ተግባራዊ ነው፦ የተማርከውን ለአንድ ሰው አስተምር፤ ቢጠፋህ የሚመልስልህ እሱ ነው። ሐቭሩታ (የጥናት ጓደኛ) ያለው ሰው ዓርብ ዓርብ ሚናውን ይለዋወጥ፣ አንዱ ገማራውን ዘግቶ ይናገር፣ ሌላው ከፍቶ ይከታተል፤ የሚከታተለው ሰው ግን እስኪጠየቅ ድረስ አያርም። ብዙ ሐቭሩታ የሚበላሸው ፈጣኑ ለዘገምተኛው እየጨረሰለት ነው።

ምላሽ 18 ከእስራኤል ነው፣ በአማርኛ የሚያነቡ ሽማግሎችን አስቦ። ቀለል ያለው የክለሳ ግዴታ የሳምንቱን ክፍል ሁለት ጊዜ በዕብራይስጥ፣ አንድ ጊዜ በተርጉም (በአራማይኩ ትርጉም) ማንበብ ነው (በራኾት 8ሀ)። ቶራ፣ ማለትም ኦሪት፣ 5845 ቁጥር ነው፤ ሦስት ጊዜ ሲነበብ በዓመት 17535፣ በቀን 48 ገደማ። በሰባቱ ዓሊያ (የሳምንቱ ንባብ ክፍሎች) ከፍሎ በየቀኑ አንድ መያዝ ነው እንጂ ዓርብ ማታ ሁሉን ልጨርስ ማለት አይሠራም። ራቭ ቢቢ ባር አባዬም የዓመቱን ሁሉ በዮም ኪፑር (በስርየት ቀን) ዋዜማ ሊጨርስ አስቦ ተከልክሏል፤ ቀድሞ ልጨርሰው ሲልም አትቅደም አትዘግይ ተባለ። ጥያቄው ይህ ነው፦ ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግእዝ እያነበቡ ቄሶቹ ሲተረጉሙላቸው ኖረዋልና፣ በተርጉም ኦንቅሎስ ፈንታ አማርኛ ይሆናል ወይ? ቶሳፎት በዚያው ቦታ ላይ አይሆንም ይላል፤ ተርጉሙ ከዕብራይስጡ የማይገኝ ነገር ያስረዳልና። የሕግ መጽሐፉ ሹልሓን ዓሩኽ 285 ራሺን በተርጉም ቦታ ይቀበላል። የእሱ ማብራሪያ ሚሽና በሩራ ደግሞ ራሺን ለማይችል ሰው በሊቃውንት ማብራሪያ ላይ የተመሠረተውን የዪዲሽ መጽሐፍ ፈቅዷል። ከዚህ ተነሥቶ መላሹ፣ ባዶ የአማርኛ ትርጉም አይበቃም፣ የራሺን ፍቺ በአማርኛ የሚያነብ ግን የሚደገፍበት አለው ብሏል። ለሥራ የሚሆነውን ከራቢው ይጠይቅ ማለቱም ተገቢ ነው። ይህ ምላሽ የራሱ ክር ይገባው ነበር፤ እዚህ ግን ሰምጦ ቀረ።

ምላሽ 19 የጠያቂው ነው። ስለ ድግሱ የተናገረውን አላነሣም፣ ምላሽ 7ንም አልጠቀሰም። ማኮትን እንደሚይዝ፣ በቀን አንድ ዓሙድ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አምስቱን እንደሚከልስ፣ ሚሽናዎቹን በመንገድ ላይ በድምፅ እንደሚደግም ጻፈ። ካርድ አይፈልግም።

ምላሽ 20 የዓርቡን ከሰዓት አልወደደውም። በክረምት ሰንበት በጊዜ ይገባል፣ ቤት ሁሉ ሩጫ ነው፤ 40 ደቂቃው በሁለተኛው ሳምንት መሰረዙ አይቀርም። ዓርብ ጠዋት አዲስ ዓሙድ ስለሌለ ያ ሰዓት ባዶ ነው፣ እዚያ ይግባ፤ የተረፈው ሰንበት ከምሳ በኋላ። ማኮት 2ሀ ላይ ደግሞ ምላሽ 6 ከዘረዘራቸው ስድስት ነጥቦች አራቱን ብቻ ከያዘ ወደ 2ለ አይለፍ።